በኢራን ኩርዲስታን የምትገኝ የገጠር መንደርን መገኛና የሕዝብ ቁጥር በአማርኛ እንዴት በትክክል እንጻፍ?

የጅሩ_መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ለሚገኝ የትምህርት ቤት የጂኦግራፊ ክበብ የግድግዳ ጋዜጣ እየተዘጋጀ ነው። የሰሜን ሸዋን የደጋ መንደሮች በኢራን ካሉ የኩርዶች መንደሮች ጋር ጎን ለጎን ማሳየት ነው የታሰበው፤ ሁለቱም በዳገትና በገደል መካከል የሚኖር ገበሬና ከብት አርቢ ያለባቸው ስለሆኑ። ለእያንዳንዷ መንደር ሁለት ወይም ሦስት መስመር ብቻ ነው ቦታ ያለው፦ የት እንደምትገኝና ስንት ሰው እንደሚኖርባት። ለሙከራ የተጻፈው ይህ ነው (ስሙና ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የገቡ ናቸው)፦

«እገሊት በዴህጎላን ክልል በማዕከላዊ ከተማ የምትገኝ ቀበሌ ስትሆን፣ በ2006 ዓ.ም. ቆጠራ መሠረት 412 ሕዝብ በ96 ቤተሰቦች ውስጥ ነበራት። መገኛዋ 35.19 ሰሜን፣ 47.25 ምሥራቅ ነው።»

ተማሪዎች የሚያነቡት ስለሆነ ስህተት እንዳይቀርበት እንፈልጋለን። ምኑ ይታረም?

አውራጃ_ተጉለት፦

መምህር፣ ጥያቄውን በማንሳትዎ ደስ ብሎኛል፤ እንዲህ ያለ አጭር ጽሑፍ ላይ ነው ስህተት የሚበዛው። ከአስተዳደር እርከኑ ልጀምር።

ኢራን አራት እርከን አላት። ትልቁ ኦስታን ነው፤ በአገሪቱ 31 አሉ። ኦስታን ወደ ሻህሬስታን፣ ሻህሬስታን ወደ ባኽሽ፣ ባኽሽ ወደ ዴህስታን ይከፈላል። መንደሮቹ ያሉት በዴህስታን ሥር ነው። የኩርዲስታን ኦስታን ዋና ከተማ ሰነንደጅ ነው፤ ዴህጎላን ደግሞ ከሻህሬስታኖቹ አንዱ እንጂ ክልል አይደለም።

አሁን አማርኛው። «ክልል» እኛ አገር የራሱ ምክር ቤትና ሕገ መንግሥት ያለውን የፌዴራል አካል ነው የሚያመለክተው። ኦስታን ግን ከቴህራን በሚሾም አስተዳዳሪ የሚመራ ነው፤ ስለዚህ ለእሱ የሚስማማው የዱሮው «ክፍለ ሀገር» ነው። ሻህሬስታን ከእኛ «አውራጃ» ጋር ይገጥማል። ሸዋ ክፍለ ሀገር በነበረበት ዘመን ተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ሆኖ ደብረ ብርሃን ዋና ከተማው እንደነበረች ማለት ነው፤ አንድ ማዕከል ከተማ፣ በዙሪያው ወረዳዎች። ባኽሽን «ወረዳ» ብንለው አያሳስትም። «ማዕከላዊ» የሚለው ቃልም ያሳሳተዎት ይመስላል። እያንዳንዱ ሻህሬስታን ዋናው ከተማ ያለበት «ማዕከላዊ ባኽሽ» አለው፤ ይህ የወረዳ ስም ነው፤ ከተማው ራሱ ማለት አይደለም። መንደሪቱ ከከተማው በመኪና አንድ ሰዓት ርቃም በማዕከላዊ ወረዳ ልትቆጠር ትችላለች።

ዋናው ችግር ግን «ቀበሌ» የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ጠበቅ ማለት አለብን። የእኛ ቀበሌ የአስተዳደር ወሰን ነው፤ በውስጡ ብዙ ጎጥ አለ፣ ሕዝቡም በሺዎች ይቆጠራል። መንዝ ላይ አንዱ ቤት ከሌላው ተራርቆ በየእርሻው ዳር ነው የሚሠራው፤ አንዱ ጎጥ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር የሚያውቀው ነዋሪው ብቻ ነው። የኩርዲስታን መንደር በአብዛኛው ተጠጋግቶ ነው የተሠራው። ካምያራን አውራጃ ያለችውን ፓለንጋንን ፎቶ ላይ ቢያዩ የታችኛው ቤት ጣሪያ ለላይኛው ቤት ግቢ ሆኖ ያገለግላል። የኢራን ቆጠራም የሚቆጥረው ይህን የሰፈራ ቦታ ራሱን ነው፤ ሃያ ቤት ብቻ ቢኖርም በስሙ ለብቻው ይመዘገባል። ስለዚህ ለቀበሌ የሚቀርበው ዴህስታን ነው፤ መንደሪቱ ከእኛ ጎጥ ጋር ነው የምትመጣጠነው። 412 ነዋሪ ያላትን መንደር ብዙ ሺህ ሕዝብ ካለው የእኛ ቀበሌ አጠገብ «ቀበሌ» ብለው ቢያስቀምጧት ተማሪው ኩርዲስታን ባዶ አገር ይመስለዋል። የለካችሁት ሁለት የተለያየ ነገር ነውና።

በአማርኛ አድራሻ ከትልቁ ወደ ትንሹ ነው የሚወርደው፦ በኢራን፣ በኩርዲስታን ክፍለ ሀገር፣ በእገሌ አውራጃ፣ በእገሌ ወረዳ፣ በእገሌ ዴህስታን። ዴህስታንን ባይተረጉሙት ይሻላል፤ በቅንፍ «የመንደሮች ስብስብ» ይበሉት።

ባሕረ_ሐሳብ፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ ዓመተ ምሕረቱ ላይ ልቆይ፤ በአማርኛ ድረ ገጾች ላይ ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ስህተት እሱ ነው።

«በ2006 ዓ.ም. ቆጠራ» ማለት ለአማርኛ አንባቢ በእኛ አቆጣጠር 2006 ማለት ነው፤ ያ በፈረንጆች 2013 እና 2014 ላይ ይውላል። በዚያ ዓመት ኢራን ውስጥ ቆጠራ አልተደረገም። እርስዎ ያገኙት 2006 የፈረንጆቹ ነው። በኢራን አቆጣጠር 1385፣ በአባን ወር ነበር። አባን 1385 ከጥቅምት 13 እስከ ኅዳር 12 ቀን 1999 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ «በ1999 ዓ.ም. (በኢራን አቆጣጠር 1385)» ይሆናል።

የኢራንን ዓመት በቀጥታ ወደ እኛ መመለስ ቀላል ነው፤ በፈረንጅ በኩል መዞር አያስፈልግም። የእነሱ አዲስ ዓመት ኖውሩዝ መጋቢት 11 ወይም 12 ላይ ይውላል። ድርጊቱ ከኖውሩዝ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ከሆነ በኢራኑ ዓመት ላይ 613 ይደምሩ፤ ከመስከረም 1 እስከ ኖውሩዝ ዋዜማ ከሆነ 614። ቆጠራዎቹ በእነሱ መኸር (በእኛ መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር) ስለተደረጉ 614 ነው የሚሠራው፦ 1385 ሲደመር 614፣ 1999። 1390 በዚያው ስሌት 2004፣ 1395 ደግሞ 2009 ይሆናል። ከዚያ በፊት በየአሥር ዓመቱ ነበር የሚቆጠረው፤ በኢራን 1335 ጀምሮ በ1345፣ በ1355፣ በ1365 እና በ1375።

ለእናንተ ሥራ ደግሞ አንድ የሚጠቅም ነገር ልጠቁም። የእኛም ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በዚያው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ የኢራኑ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ የእኛው ግንቦት ላይ። በመካከላቸው ያለው ጥቂት ወር ብቻ ነው። የእኛ አራተኛው ቆጠራ ተራዝሞ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ሲተላለፍ ቀረ። እነሱ ግን ከዚያ ወዲህ በ2004 እና በ2009 ቆጥረዋል። ጎን ለጎን ካስቀመጣችሁ የኢራኑን 1385 ውሰዱ፤ አዲሱ ይሻላል ብላችሁ የ1395ን ቁጥር ከእኛው 1999 ጋር ብታቆራኙት የአሥር ዓመት ልዩነት ይገባባችኋል። የመንደሪቱን ለብቻ የምትጽፉ ከሆነ ግን የቅርቡን አስቀድሙ። በሁለቱም መንገድ ዓመቱ ከቁጥሩ አይለይ፤ «አሁን 412 ሕዝብ አላት» አይባልም።

ምስል_ካርታ፦

መጋጠሚያው ላይ ከባድ ስህተት አለ። 35.19 የተጻፈው ከ35 ዲግሪ ከ19 ደቂቃ የተወሰደ ይመስላል። ደቂቃ ከስልሳ ነው የሚቆጠረው፤ 19 ሲካፈል ለ60፣ 0.317 ይሆናል። ስለዚህ 35°19′ በአሥርዮሽ 35.317 ነው፤ 47°25′ ደግሞ 47.417። 35.19 እና 47.25 ብላችሁ ካርታ ላይ ካስገባችሁት ምልክቱ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሸሽቶ ሌላ ሸለቆ ውስጥ ይወድቃል።

ተማሪዎቹ በአገራቸው ይሞክሩት። ደብረ ብርሃን 9°41′ ሰሜን፣ 39°32′ ምሥራቅ ላይ ናት። «9.41፣ 39.32» ብለው ስልክ ላይ ይጻፉ፤ ካርታው ደብረ ብርሃንን ትቶ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደ ሸኖ ግድም ይወስዳቸዋል። ከዚያ 9.683 እና 39.533 ብለው ያስገቡ። አንዴ ያየ አይረሳውም።

ሌላው ደቂቃ ላይ ብቻ የቆመ መጋጠሚያ ነው። አንድ የኬክሮስ ደቂቃ 1.85 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ የኬንትሮስ ደቂቃ ኩርዲስታን ላይ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እኛ ጋ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ 1.83። ሰከንድ የሌለው መጋጠሚያ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ሊስት ይችላል ማለት ነው። ሜዳ ላይ ይህ ምንም አይደል፤ በተራራማ አገር ግን ከወንዙ ማዶ ያለችውን ጎረቤት መንደር ሊያሳያችሁ ይበቃል። ምልክቱ ጣሪያ ላይ ሳይሆን ባዶ ተዳፋት ላይ ካረፈ በሳተላይት ምስል አቅራቢያውን ፈልጉና እስከ ሰከንድ አስተካክሉት። አንድ ሰከንድ 31 ሜትር ያህል ነው፤ ለመንደር ከዚያ በላይ መጠንቀቅ አያስፈልግም።

ርቀት ከጻፋችሁ በመንገድ ይሁን ቀጥታ መስመር ግለጹ። ከደብረ ሲና ቆላውን ቁልቁል ያየ ሰው ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባዋል።

የጅሩ_መምህር፦

በጣም አመሰግናለሁ፤ ይህን ያህል ስህተት በሦስት መስመር ውስጥ ይኖራል ብዬ አልጠበቅኩም። ሦስት ነገር ልጨምር። «ቤተሰቦች» የሚለው ልክ ነው ወይ? ሁለተኛ፣ አንዳንድ መንደሮች ስማቸው ተዘርዝሮ የሕዝብ ቁጥራቸው ቦታ ላይ ኮከብ ምልክት ብቻ አለ፤ ዜሮ እንበል? ሦስተኛ፣ የቦታ ስሞቹን በግእዝ ፊደል ስንጽፍ ባነህ፣ ዲቫንዳረህ፣ ሳናንዳጅ እያልን ነው።

ባሕረ_ሐሳብ፦

ስለ ቤተሰብ። የኢራን ሠንጠረዥ ኻኔቫር ነው የሚለው፤ በአንድ ቤት አብሮ የሚኖርና ከአንድ ማድ የሚበላ ማለት ነው። በአማርኛ «ቤተሰብ» ሲባል ደብረ ብርሃን ያለ ወንድምና አዲስ አበባ ያለች እህት ሁሉ ይገባሉ። እኛ ጋ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት እንደሚጽፈው «አባወራና እማወራ» ብትሉት ተማሪው ወዲያው ይረዳዋል። «አባወራ» ብቻ ብላችሁ ግን አትተዉ፤ ሴት የምትመራቸው ቤቶች ከቁጥሩ የወጡ ይመስላል።

ይህ ቁጥር ለማጣሪያም ይጠቅማል። የሕዝቡን ብዛት ለአባወራና እማወራው አካፍሉ፤ 412 ለ96 ሲካፈል 4.3 ገደማ ነው፣ ጤነኛ ነው። የሰሜን ሸዋ ዞን (አማራ) በ1999 ዓ.ም. 1,837,490 ሕዝብ በ429,423 ቤት ነበር፤ ይህም 4.28 ነው። ውጤቱ ከ3 በታች ወይም ከ7 በላይ ከሆነ አሃዝ ተሳስቶ ሊሆን ስለሚችል ወደ ምንጩ ተመለሱ። ከፋርስኛው ሠንጠረዥ በቀጥታ የምትገለብጡ ከሆነ ደግሞ በተለይ ሰባትና ስምንትን ተጠንቀቁ። ሰባት አፉን ወደ ሰማይ ከፍቷል፤ ስምንት ተገልብጦ እንደ ጎጆ ክዳን ቁልቁል ነው። አምስት ክብ ስለሚመስል እንደ ዜሮ ይነበባል፤ የእነሱ ዜሮ ግን ነጥብ ብቻ ናት። ጽሑፋቸው ከቀኝ ወደ ግራ ቢሄድም ቁጥሩ እንደ እኛው ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚነበበው፤ አትገልብጡት።

ኮከቡ ዜሮ አይደለም። መንደሪቱ እንዳለች ተመዝግቧል፤ የቀሩባት ቤቶች በጣም ጥቂት ስለሆኑ የነዋሪዎቹ ምስጢር እንዳይገለጥ ቁጥሩ አልወጣም ማለት ነው። «መኖሯ ተመዝግቧል፣ የሕዝብ ቁጥሯ አልተገለጸም» ብላችሁ ጻፉ። ዜሮ ብላችሁ ብትጽፉ ሦስት ሽማግሌዎች የቀሩባትን መንደር ጠፍታለች ማለታችሁ ነው።

ንባብ_ወፊደል፦

ስለ ስሞቹ እኔ ልመልስ፤ የግእዝ ፊደል ከላቲኑ ይልቅ ለዚህ ሥራ የሚመች ሆኖ ሳለ በእንግሊዝኛው በኩል እየዞርን እናበላሸዋለን።

በፋርስኛ አጭሩ «አ» ከእኛ ግእዝ (የመጀመሪያው) ድምፅ ጋር ይቀራረባል፣ ረጅሙ ደግሞ ከራብዕ ጋር። ስለዚህ ሳናንዳጅ ሳይሆን ሰነንደጅ፤ ሁሉም አጭር ነውና። ካምያራን ሁሉም ረጅም ስለሆነ ራብዕ ይሁን። መሪቫን «መ» ብሎ ይጀምራል። ዥ፣ ቸ፣ ኸ፣ ቀ ሁሉ አሉን፤ እንግሊዝኛው በሁለት ፊደል የሚጽፈውን እኛ በአንድ እንጽፈዋለን።

መጨረሻ ላይ ያለችው «ህ» በብዙ ስሞች አትነበብም። ባኔ፣ ዲቫንደሬ፣ ቆርቬ ነው የሚባለው። «ባነህ» ሌላ ቃል ሆኖ ይቀራል። ኬርማንሻህ ላይ ግን ትነበባለች፤ እዚያ ያለው «ሻህ» ራሱ ቃሉ ነው።

ከስም በኋላ ኦልያ፣ ቮስታ፣ ሶፍላ ካገኛችሁ ላይኛው፣ መካከለኛውና ታችኛው ማለት ነው፤ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት እንደምንለው። ሸርቂ ምሥራቅ፣ ገርቢ ምዕራብ ነው። እነዚህን አትጣሉ፤ አንድ ስም ያላቸው ሁለት መንደሮች የሚለዩት በእነሱ ነው። በኩርድኛ ካኒ ምንጭ ማለት ስለሆነ በካኒ የሚጀምር መንደር ብዙ ነው። ስሙን ብቻ ይዛችሁ ብትፈልጉ የሌላዋን ሕዝብ ለዚህችኛዋ ልትሰጡ ትችላላችሁ። ከስሙ ጋር አውራጃውንና ዴህስታኑን አያይዛችሁ ፈልጉ።

የመንግሥቱን የፋርስኛ ስም አስቀድማችሁ ኩርዶቹ ራሳቸው የሚጠሩበትን በቅንፍ ብታስገቡ ሙሉ ይሆናል። ሰነንደጅን ኩርዶች ስነ ይሏታል።

አውራጃ_ተጉለት፦

ሁለት ነገር ረስቼ ነበር። ዴህጎላን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ጊዜ ገና ራሱን የቻለ አውራጃ አልነበረም፤ የቆርቬ አንድ ወረዳ ነበር። የ1385ን ሠንጠረዥ ስትከፍቱ መንደሪቱን በዴህጎላን አውራጃ ሥር ብትፈልጓት አታገኟትም፤ ቆርቬ ውስጥ ፈልጓት። የወረዳና የዴህስታን ወሰን በየቆጠራው ይቀያየራል፤ እኛም ጋ እንደዚሁ ነው።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። መንደሪቱ በኩርዲስታን ክፍለ ሀገር ስላለች ብቻ «የኩርዶች መንደር» አይባልም። የኢራን ቆጠራ ብሔርና ቋንቋ አይጠይቅም፤ የእኛው ይጠይቃል። በቆርቬና በቢጃር በኩል ቱርክኛ የሚናገሩ መንደሮች አሉ። በተቃራኒው ብዙ የኩርድ መንደሮች ያሉት በኬርማንሻህ፣ በኢላምና በምዕራብ አዘርባይጃን ክፍለ ሀገሮች ነው። የነዋሪው ቋንቋ በሌላ በኩል ከተረጋገጠ ጻፉ፤ ካልሆነ «በኢራን ኩርዲስታን ክፍለ ሀገር የምትገኝ መንደር» በቂ ነው።

የይፋቱ፦

መንደሮቹን ከቱርክ ወይም ከኢራቅም ከመረጣችሁ ስሌቱ ይለያል። ቱርክ ከፈረንጆች 2007 ጀምሮ ሕዝቧን የምታወጣው በአድራሻ መዝገብ በየዓመቱ ነው፤ ቁጥሩ የዲሴምበር 31 ስለሆነ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ላይ ይውላል። በፈረንጆች 2012 በወጣ ሕግ እንደ ዲያርባክር፣ ቫንና ማርዲን ባሉ ግዛቶች መንደሮች ሁሉ «ማሃሌ»፣ ማለትም የከተማ ሰፈር ተብለዋል። ሕጉ በፈረንጆች 2014 ምርጫ ሥራ ላይ ዋለ። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ «የገጠር ሕዝብ» ዜሮ ቢሆን አትደንግጡ፤ ከብቱም እርሻውም ባለበት ነው። የመንደሮቹም ስም ብዙ ጊዜ ሁለት ነው፣ የቱርክኛና የኩርድኛ።

ኢራቅ ውስጥ «ኩርዲስታን ክልል» ማለት ልክ ነው፤ ፓርላማ ያለው የፌዴራል ክልል ነውና። ከኢራኑ ክፍለ ሀገር ጋር እንዳይምታታ አገሩን ሁልጊዜ ጨምሩ። በኢራቅ በፈረንጆች 1997 የተደረገው ቆጠራ የሰሜኑን ሦስት የኩርድ ግዛቶች አላካተተም። ሙሉ አገር አቀፍ ቆጠራ የተደረገው ኅዳር 11 እና 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በ1980 ዓ.ም. የኢራቅ መንግሥት በኩርዶች ላይ ባካሄደው የአንፋል ዘመቻ እጅግ ብዙ መንደሮች ስለፈረሱ፣ ከዚያ በፊት የነበረን ቁጥር ዛሬ ላለችው መንደር መስጠት አይቻልም።

የጅሩ_መምህር፦

እንዲህ ተስተካክሏል፤ እዩልኝ።

«እገሊት በኢራን፣ በኩርዲስታን ክፍለ ሀገር፣ በዴህጎላን አውራጃ፣ በማዕከላዊ ወረዳ፣ በእገሌ ዴህስታን (የመንደሮች ስብስብ) የምትገኝ የገጠር መንደር ናት፤ መገኛዋ 35°19′ ሰሜን፣ 47°25′ ምሥራቅ። በ1999 ዓ.ም. (በኢራን አቆጣጠር 1385) በተደረገው ቆጠራ፣ በቆርቬ አውራጃ ሥር ሳለች፣ 412 ነዋሪዎችና 96 አባወራና እማወራ ነበሯት።»

ከአጠገቧ ደግሞ ከመንዝ አንድ ቀበሌ በዚያው ዓመት ቁጥር እናስቀምጣለን።

አውራጃ_ተጉለት፦

መምህር፣ አሁን ልክ ነው። ከመንዙ ቀበሌ ቁጥር ሥር ግን በትንሽ ፊደል «ቀበሌው ብዙ ጎጦችን ያካተተ ነው» የሚል አንድ መስመር ይግባ። ቦታ ካለ ደግሞ ከቀበሌው አጠገብ አንድ ሙሉ ዴህስታን ከነመንደሮቹ ድምር ያስቀምጡ፤ ያኔ ተማሪዎቹ የሚመዛዘን ነገር ያገኛሉ።